የጨጓራ ካንሰርን ውጤት በሜታቦሊዝም ጂኖች መተንበይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2022 በዓለም ዙሪያ 970 ሺህ ገደማ ሰዎች የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። በዚያው ዓመት 660 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የምርመራ ውጤቱን የሰማ ሰው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "የኔ ነገር ወዴት ያመራል?"

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች የዚህን ጥያቄ መልስ በዕጢው የሜታቦሊዝም ጂኖች ውስጥ እየፈለጉ ነው። የጥናቶቹ ርዕስ ተስፋ ይሰጣል። የሚያነባቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። ከታማሚዎች፣ ከቤተሰብና ከሕክምና ተማሪዎች ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገርዎ። ሐሳቡ እውነተኛ ባዮሎጂ ከጀርባው አለው፤ ሊሠራበትም ይገባል። ዛሬ ባለበት ሁኔታ ግን የማንንም ሰው ሕክምና መወሰን የለበትም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሜታቦሊዝም ጂን ሲባል ምን ማለት ነው?

ሴል ለመኖር ግሉኮስ ያቃጥላል፣ ስብ ይሠራል፣ አሚኖ አሲድ ያፈርሳል፣ የማያስፈልገውን ያስወጣል። ይህ ሁሉ ሥራ ተጠቃሎ ሜታቦሊዝም ይባላል። እያንዳንዱን እርምጃ የሚያካሂድ ኢንዛይም አለ። ንጥረ ነገሮቹን በሴሉ ሽፋን በኩል የሚያስገቡና የሚያስወጡ ፕሮቲኖችም አሉ። የእነዚህን ፕሮቲኖች አሠራር መመሪያ የያዙት ጂኖች ናቸው የሜታቦሊዝም ጂኖች የሚባሉት። ሰው 20 ሺህ ገደማ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች አሉት። ከነዚህ ውስጥ እንደ አቆጣጠሩ ከ2 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት እዚህ ይመደባሉ።

ካንሰር ሲመጣ ሜታቦሊዝሙ ምን ይሆናል?

ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ያየው ነገር እስካሁን ያስደንቃል። ጤነኛ ሴል ኦክስጅን ካገኘ ግሉኮስን እስከ መጨረሻው ያቃጥላል። ኤ.ቲ.ፒ ከተባለው የኃይል ሞለኪውል ከአንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ያወጣል። የዕጢ ሴል ግን ኦክስጅን እያለለት ግሉኮሱን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ወደ ላክቴት ይለውጠዋል። ከዚህ የሚያተርፈው 2 ኤ.ቲ.ፒ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ያባክናል? ዋርበርግ ማይቶኮንድሪያው፣ ማለትም የሴሉ የኃይል ማመንጫ፣ ስለተበላሸ ነው ብሎ ነበር። በአብዛኞቹ ካንሰሮች ውስጥ ማይቶኮንድሪያው እንደሚሠራ በኋላ ታወቀ። ዛሬ የምንረዳው ሌላ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ኃይል ብቻውን አይበቃውም። አዲስ ዲ.ኤን.ኤ፣ አዲስ ሽፋን፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት። ግሉኮሱ በከፊል ሲፈርስ የሚገኙት ቁርጥራጮች ለዚህ ግንባታ ጥሬ ዕቃ ይሆኑታል።

በጨጓራ ካንሰርም ይኸው ይታያል። ግሉኮስ የሚያስገባው ግሉት-1፣ የግሉኮስን መፍረስ የሚያስጀምረው ሄክሶካይኔዝ-2፣ ላክቴት የሚሠራው ኤል.ዲ.ኤች.ኤ በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ከጤነኛው ጨጓራ በላይ ይሠራሉ። ላክቴቱ ደግሞ ዝም ብሎ ዝቃጭ አይደለም። ከሴሉ ሲወጣ አካባቢውን አሲዳማ ያደርገዋል። ካንሰርን የሚዋጉት ቲ-ሴሎች እዚያ ውስጥ ይዳከማሉ። ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድም ሌላ ምሳሌ ነው። አይ.ዲ.ኦ-1 የተባለ ኢንዛይም ሲጨርሰው ቲ-ሴሎቹ የሚያስፈልጋቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የዕጢው ሜታቦሊዝም የዕጢውን እድገት ብቻ ሳይሆን የሰውነትን መከላከያም ይነካል። ሜታቦሊዝሙን አይቶ ስለ ታማሚው ውጤት አንድ ነገር መናገር ይቻል ይሆናል ብሎ ማሰብ ምክንያት ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁሉም የጨጓራ ካንሰር ግሉኮስ አይጎርስም። ፔት ስካን የሚሠራው ምልክት የተደረገበት ግሉኮስ የት እንደሚከማች በማየት ነው። ሲግኔት ሪንግ የሚባለው የጨጓራ ካንሰር ዓይነት ብዙ ጊዜ በዚህ ስካን ላይ ደብዝዞ ይታያል። አንዱ ምክንያት ሴሎቹ ግሉት-1 የሚሠሩት በትንሹ በመሆኑ ነው። ደበዘዘ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ይህ ዓይነት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ክፉ ነው።

የትንበያ ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰላው?

ጂን ሲሠራ አር.ኤን.ኤ የተባለ ቅጂ ያወጣል። ብዙ ከሠራ ብዙ ቅጂ፣ ጥቂት ከሠራ ጥቂት ቅጂ። ከቀዶ ጥገና ወይም ከባዮፕሲ የተገኘ የዕጢ ናሙና ተወስዶ የሺዎች ጂኖች ቅጂ በአንዴ ይለካል። ከዚያ ታማሚዎቹ ለምን ያህል ጊዜ እንደኖሩ ከሚያሳየው መዝገብ ጋር ይገናዘባል።

አብዛኞቹ ጥናቶች ናሙና ራሳቸው አይሰበስቡም። ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ የመረጃ ቋቶች ይወስዳሉ። ትልቁ የአሜሪካው የካንሰር ጂኖም አትላስ ነው። በጨጓራ ካንሰር ላይ በ2014 ባወጣው ጥናት 295 ዕጢዎችን መርምሮ በአራት ወገን ከፍሏቸዋል። ሌላው በእስያ የካንሰር ምርምር ቡድን የተሰበሰበውና በ2015 የወጣው የሴኡል መረጃ ነው፤ 300 ዕጢዎች አሉት።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ነው። ከሜታቦሊዝም ጂኖች መካከል በዕጢውና በጤነኛው ቲሹ መካከል የሚለያዩት ይለያሉ። ከነሱ ውስጥ ታማሚው ከታመመ በኋላ ከኖረበት ጊዜ ጋር የሚሄዱት በኮክስ ሞዴል ይጣራሉ። ይህ ሞዴል ዴቪድ ኮክስ በ1972 ያወጣው ነው። ከዚያ ላሶ የሚባል ዘዴ ተመሳሳይ ወሬ የሚደጋግሙትን ጂኖች አውጥቶ ጥቂቶቹን ያስቀራል። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አስራ አምስት ይቀራሉ። ለእያንዳንዱም ክብደት ይሰጠዋል።

ሲሰላ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት ቁጥር ፈጥሬ ላስቀምጥ። ሦስት ጂኖች ቀሩ እንበል። የመጀመሪያው ክብደት 0.5፣ የሁለተኛው 0.3፣ የሦስተኛው ከዜሮ በታች 0.4 ነው። የአንዲት ታማሚ ልኬት 4፣ 2 እና 1 ሆነ። 0.5 በ4 ሲባዛ 2 ነው፤ 0.3 በ2 ሲባዛ 0.6፤ ከዚያ 0.4 ይቀነሳል። ነጥቧ 2.2 ነው። የሌላው ታማሚ ልኬት 2፣ 1 እና 5 ቢሆን ነጥቡ ከዜሮ በታች 0.7 ይመጣል። መቁረጫው 1 ላይ ከተቀመጠ እሷ "ከፍተኛ ስጋት" ተባለች፣ እሱ "ዝቅተኛ ስጋት" ተባለ። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። በወረቀቱ ላይ የሚታዩት ያሸበረቁ ሥዕሎች ሁሉ የሚያርፉት በዚህ መደመርና ማባዛት ላይ ነው።

በዘር የሚተላለፍ ነገር ነው? ልጆቼም ይመርመሩ?

አይደለም። እዚህ የሚለካው በዕጢው ውስጥ ጂኖቹ ዛሬ ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ ነው። ይህ ለልጅ አይተላለፍም።

በዘር የሚመጣ የጨጓራ ካንሰር ግን አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም። በ1998 በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ሲ.ዲ.ኤች-1 የተባለ ጂን ሲበላሽ ካንሰሩ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አሳይቷል። ይህ ጂን ሴሎችን እርስ በርስ የሚያጣብቅ ፕሮቲን የሚሠራ ነው፤ የሜታቦሊዝም ጂን አይደለም። በቤተሰብዎ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የጨጓራ ካንሰር ከያዘው፣ ወይም አንዱ ገና በወጣትነቱ ከተያዘ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ምርመራው ሌላ ነው፣ የሚደረገውም ከደም ነው።

ኤች ፓይሎሪስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከካንሰሩ ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የጂን ነጥቡ የሚጠይቀው ግን "ለምን ታመምኩ" ብሎ ሳይሆን "ከታመምኩ በኋላ ምን ይሆናል" ብሎ ነው።

አንዱ ጥናት አንድ የጂን ዝርዝር፣ ሌላው ሌላ ዝርዝር ያወጣል። ማንን ልመን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። ሁለት ጥናቶች በአንድ መረጃ ላይ ሠርተው አንድ ጂን እንኳ ላይጋሩ ይችላሉ። አንባቢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አንደኛው ምክንያት ጂኖች ብቻቸውን የማይሠሩ መሆናቸው ነው። አብረው ከፍ የሚሉና አብረው ዝቅ የሚሉ ብዙ ናቸው። ላሶ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ሌሎቹን ይተዋል። ጥቂት ታማሚዎች ቢወጡና ሌሎች ቢገቡ ምርጫው ይለወጣል። አስተማማኝ ዝርዝር ለማግኘት የሺዎች ታማሚዎች መረጃ እንደሚያስፈልግ በ2006 የወጣ ስሌት አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች የሚሠሩት ግን በጥቂት መቶዎች ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በ2011 የወጣ የጡት ካንሰር ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከካንሰር ጋር ምንም የማይገናኙ የጂን ዝርዝሮችን ወስደው የታማሚዎችን ዕድሜ ይተነብዩ እንደሆነ ሞከሩ። ከዝርዝሮቹ አንዱ የተገኘው ከምግብ በኋላ መሳቅ በደም ሴሎች ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ካጠና ሥራ ነበር። ይህ ዝርዝር ታማሚዎቹን "ጥሩ" እና "መጥፎ" ብሎ ለየ። በዕጣ የተሰበሰቡ ጂኖችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። ምክንያቱ ሴል በፍጥነት ሲባዛ እጅግ ብዙ ጂኖች አብረው መነቃነቃቸው ነው። የትኛውንም እፍኝ ብትዘግን ያንኑ ፍጥነት ታገኛለህ።

ስለዚህ አንድ ጥናት "የሜታቦሊዝም ጂኖቻችን ዕድሜን ይተነብያሉ" ሲል የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ በቁጥር እኩል የሆኑ፣ በዕጣ የተመረጡ ጂኖችስ ምን ያህል ይተነብያሉ? ይህን ንጽጽር የሚያሳይ ወረቀት ሳገኝ ደስ ይለኛል። የማያሳየው ግን ሜታቦሊዝም የተለየ ነገር እንደነገረን ገና አላስረዳኝም።

ነጥቡ የሚያነበው የካንሰር ሴሉን ነው?

ብቻውን አይደለም። የዕጢ ናሙና ንጹህ ካንሰር አይደለም። ውስጡ ፋይብሮብላስት የሚባሉ የማገናኛ ቲሹ ሴሎች፣ የደም ሥሮች፣ የመከላከያ ሴሎች፣ ጡንቻ ጭምር አለ። ናሙናው ተፈጭቶ አር.ኤን.ኤው ሲወጣ የሁሉም ይደባለቃል።

ኤን.ኤን.ኤም.ቲ የተባለውን የሜታቦሊዝም ጂን እንይ። በጨጓራ ካንሰር የትንበያ ዝርዝሮች ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል ነው። ከፍ ሲል ውጤቱ ይከፋል ይባላል። አንባቢ ይህን ሲያይ የካንሰር ሴሉ በዚህ ኢንዛይም ተጠቅሞ የሚያድግ ይመስለዋል። በኦቫሪ ካንሰር ላይ በ2019 የወጣ ሥራ ግን ኢንዛይሙ በዋናነት የሚሠራው ዕጢውን በከበቡት ፋይብሮብላስቶች ውስጥ ሆኖ እነሱን ለካንሰሩ እንዲያገለግሉ እንደሚያደርጋቸው አሳይቷል። በጨጓራ ካንሰርም ፋይብሮብላስት የበዛባቸው ዕጢዎች ብዙ ጊዜ ውጤታቸው መጥፎ ነው። የሴኡሉ ጥናት ከለያቸው አራት ወገኖች ውስጥ ሴሎቹ መጣበቅን ትተው መንቀሳቀስ የለመዱበት፣ የተበተነው ዓይነት የበዛበት ወገን ከሁሉም የከፋ ውጤት ነበረው።

እንግዲህ "የሜታቦሊዝም ነጥብ" የተባለው ነገር በውስጡ "ስንት ፋይብሮብላስት አለ" የሚለውን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ይህ ራሱ ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ትንበያ ትንበያ ነው። መድኃኒት ለመፈለግ ለሚነሳ ሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። የትኛውን ሴል እንደሚያነጣጥር ሳያውቅ ዓመታት ሊያጠፋ ይችላል። አሁን ሴሎችን አንድ በአንድ ለይቶ መለካት ተችሏል። እንዲህ ባለ መረጃ ነጥቡን መልሶ የሚፈትሽ ጥናት ከአዲስ የጂን ዝርዝር የበለጠ ይጠቅመናል።

ትንበያው ምን ያህል ትክክል ነው?

ትክክለኛነቱ ከ0.5 እስከ 1 ባለ መለኪያ ይገለጻል። 0.5 ማለት በግምት ከመናገር አይሻልም። 1 ማለት ፈጽሞ አይስትም። የብዙዎቹ የጨጓራ ካንሰር ነጥቦች ራሳቸው ባልተማሩበት መረጃ ላይ ሲሞከሩ ከ0.6 እስከ 0.7 ገደማ ይውላሉ። 0.65 ቢሆን እንበል። ሁለት ታማሚዎችን ብንወስድ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ከ100 ጊዜ 65ቱን ይመታል፣ 35ቱን ይስታል። ለቡድን ጥሩ ወሬ ነው። ለአንድ ሰው ግን ሕይወቱን የሚወስንበት አይደለም።

"ከፍተኛ ስጋት ያላቸው የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገርም ሰው ያስደነግጣል። እጥፍ የተባለው በማንኛውም አንድ ጊዜ ላይ ያለው የስጋት ፍጥነት ነው። የመጨረሻው ዕድል በእጥፍ ይለያል ማለት አይደለም፤ የሚኖሩት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳልም አይባልም።

ሌላው ችግር መቁረጫው ነው። ብዙ ጥናቶች ታማሚዎችን በመሀለኛው ነጥብ ላይ ለሁለት ይከፍሏቸዋል። ጎበዝ ተማሪዎች ብቻ በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥም ግማሹ ከመሀለኛው በታች ነው። እንደዚሁ ሁሉም ታማሚዎች ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ቢሆኑ እንኳ ይህ አሠራር ግማሾቹን "ከፍተኛ ስጋት" ይላቸዋል። መቁረጫው ከአንዱ መረጃ ወደ ሌላው በተሄደ ቁጥር እየተቀየረ ከሆነ፣ ነገ ብቻዋን ለምትመጣ አንዲት ታማሚ የቱን እንጠቀም? መልስ የለውም።

የማንስ መረጃ ነው የሚለውም አለ። የሴኡሉ መረጃ ከአንድ አገር ነው። በአሜሪካው አትላስ ውስጥ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ታማሚዎች ጥቂት ናቸው። አንድ ነጥብ በአንድ ሕዝብ ላይ ሠራ ማለት በሌላውም ይሠራል ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ሰው ሲያድበሰብስ ማየት ያናድደኛል። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በመረጃው ውስጥ ካልገቡ በውጤቱም አይጠቀሙም።

ሐኪሜ ይህን ምርመራ ያላዘዘልኝ ለምንድን ነው?

የትኛውም የጨጓራ ካንሰር የሜታቦሊዝም ጂን ነጥብ በመደበኛ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ስላልገባ ነው። ሐኪሙ አላጠፋም።

ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ነው፤ እሱም በደንብ የተፈተነ ነው። ዕጢው ወደ ጨጓራው ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል? ስንት ንፍፊቶች ጋ ደርሷል? ወደ ሌላ አካል ሄዷል? ከቀዶ ጥገና በኋላ ቢያንስ 16 ንፍፊቶች እንዲመረመሩ ይመከራል። ጥቂት ብቻ ከታዩ በሽታው ካለበት ደረጃ ያነሰ መስሎ ሊቆጠር ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ንፍፊቶቹን በሥርዓት መቁጠር ዛሬ ካለው ከየትኛውም የሜታቦሊዝም ነጥብ ይልቅ ለታማሚው ይጠቅመዋል።

መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዱ የሞለኪውል ምርመራዎችም አሉ። ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ላይ ከበዛ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይታሰባል፤ ጥቅሙ በ2010 በወጣ ትልቅ ሙከራ ታይቷል። የዲ.ኤን.ኤ ስህተት ማረሚያው የተበላሸበት ዕጢ ለኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ ለሚያነሳሳ ሕክምና፣ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ለዚሁ ሕክምና ፒ.ዲ-ኤል-1 የተባለው ፕሮቲንም ይታያል። ክላውዲን 18.2 የተባለውን ፕሮቲን የሚያነጣጥረው ዞልቤቱክሲማብ ደግሞ በ2024 በጃፓንና በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ "ምን ይሆናል" ከማለት አልፈው "ምን እናድርግ" ለሚለው መልስ ይሰጣሉ።

ዛሬ በክሊኒክ ሥራ ላይ የዋለ የሜታቦሊዝም ጂን አለ?

አለ፤ እንዲያውም ብዙ ታማሚዎች ሊጠይቁበት የሚገባ ነው። ዲ.ፒ.ዋይ.ዲ ይባላል። በጨጓራ ካንሰር በብዛት የሚሰጡትን የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ፍሎሮዩራሲልንና ካፔሲታቢንን ሰውነት የሚያፈርሰው በዚህ ጂን በሚሠራ ኢንዛይም ነው። ከሚሰጠው ፍሎሮዩራሲል ከ80 በመቶ በላይ የሚፈርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጂኑ ሲወለዱ ጀምሮ የተበላሸባቸው ሰዎች መድኃኒቱ በሰውነታቸው ውስጥ ይከማችባቸዋል። ከባድ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስለት፣ የነጭ ደም ሴል መውረድ ይመጣል፤ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2020 ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግ መክሯል። ምርመራው የዕጢውን ሳይሆን የሰውየውን ጂን ያያል። ስለ ዕድሜም አይተነብይም። መድኃኒቱ በስንት መጠን ይሰጥ የሚለውን ይመልሳል። በምርመራው በብዛት የሚታዩት አራት ለውጦች በዋናነት በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቁ ናቸው። በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ የሚገኝ ዋይ-186-ሲ የተባለ ሌላ ለውጥ አለ፤ ሁሉም ላብራቶሪ ግን አያየውም። ኬሞቴራፒ ሊጀምሩ ከሆነ ሁለቱንም ይጠይቁ።

ካንሰሩ በሜታቦሊዝም የሚኖር ከሆነ ሜታቦሊዝሙን አጥቅቶ መግደል አይቻልም?

ይቻላል፤ ከጀመርንም ቆይተናል። ሲድኒ ፋርበር በ1948 የሕፃናትን የደም ካንሰር ለጊዜው ያስታገሰው የፎሊክ አሲድን ሥራ በሚያውክ መድኃኒት ነበር። በ1957 የታወቀው ፍሎሮዩራሲልም ሴል ለዲ.ኤን.ኤ የሚያስፈልገውን ፊደል እንዳይሠራ ያግዳል። የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ዛሬም የሚወስደው እሱን ነው።

በ2013 ከሲንጋፖር የወጣ ጥናት 248 ዕጢዎችን አይቶ በሦስት ወገን ለያቸው። አንዱ ወገን "ሜታቦሊክ" ተባለ። የዚህ ወገን ሴሎች በላብራቶሪ ከሌሎቹ በበለጠ በፍሎሮዩራሲል ይሞቱ ነበር። እንዲህ ያለው ምልክት ነው ልቤን የሚያሞቀው፤ ምክንያቱም የትኛው ታማሚ በየትኛው መድኃኒት ይጠቀማል ወደሚለው ይወስዳል።

አዳዲሶቹ ሙከራዎች ግን ቀላል አልሆኑም። ካንሰር አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይሄዳል። ግሉኮስ ሲያጣ ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይጠቀማል፣ ግሉታሚን ሲያጣ ስብ። ጤነኛ ቲ-ሴሎችም ያንኑ መንገድ ስለሚጠቀሙ መድኃኒቱ ወዳጅንም ይጎዳል።

ስኳር ባቆም ካንሰሩ አይራብም?

አይራብም። ምንም ባይበሉ እንኳ ጉበት ግሉኮስ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። የሚራበው ሰውየው ነው። የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ድሮውኑ መብላት ያቅተዋል፤ ክብደቱ ይወርዳል፤ ጡንቻው ያልቃል። ክብደት መቀነስ በራሱ የሕክምናውን ውጤት ያከፋል። የስኳር በሽታ ካለብዎት ሐኪምዎ ያዘዘውን ይከተሉ። ከሌለ ግን ካንሰሩን ለማስራብ ብለው ምግብ አይቀንሱ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ፕሮቲን ያለው ይብሉ። ሥነ ምግብ ባለሙያ ካለ አሁኑኑ ያማክሩ።

ተማሪ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሳነብ ምኑን ልይ?

በመጀመሪያ ነጥቡ ፈጽሞ ባላየው መረጃ ላይ መሞከሩን እይ። አንዱን መረጃ ለሁለት ሰንጥቆ በግማሹ መማር፣ በግማሹ መፈተን አይበቃም። መቁረጫው ሳይነካ ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄዱን እይ። ከዚያ ከበሽታው ደረጃ ጋር ሲደመር ምን እንደጨመረ ፈልግ። ደረጃው ብቻውን 0.70 ከሰጠና ከጂኖቹ ጋር 0.71 ከሆነ ለዚያች 0.01 ማንም ውድ ምርመራ አያዝም። ታማሚዎቹ ምን ዓይነት ሕክምና እንዳገኙ መጻፉንም ተመልከት። በክፍት ቋቶች ውስጥ ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ የተሟላ አይደለም።

"ነጥቡ ለኢሚዩኖቴራፒ የሚሰጠውን ምላሽ ይተነብያል" የሚለው ክፍል ላይ ደግሞ ቆም በል። ብዙ ጊዜ ማንም ኢሚዩኖቴራፒ ባልወሰደበት መረጃ ላይ በኮምፒውተር የተገመተ ነው።

ታዲያ ለክሊኒክ እንዲበቃ ምን ያስፈልገዋል?

የጡት ካንሰር መንገዱን አሳይቷል። ኦንኮታይፕ የሚባለው የ21 ጂኖች ምርመራ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች በገቡበት ሙከራ ተፈትኖ ውጤቱ በ2018 ወጣ። ሴቶቹ በነጥባቸው ተለይተው፣ መሀል ላይ ያሉት ኬሞቴራፒ እንዲያገኙ ወይም እንዳያገኙ በዕጣ ተመድበው፣ ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ብዙዎቹ ኬሞቴራፒ እንደማያስፈልጋቸው የታወቀው በዚህ ነው።

በጨጓራ ካንሰርም ወደዚያ የሚያመራ ሥራ አለ። በ2018 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት አራት ጂኖችን ብቻ ተጠቅሟል። የፈተነውም ታማሚዎች ከቀዶ ጥገና በኋላ ኬሞቴራፒ እንዲያገኙ ወይም እንዳያገኙ በዕጣ በተመደቡበት የቀድሞ ሙከራ ናሙና ላይ ነው። ጂኖቹ የሜታቦሊዝም ተብለው የተመረጡ አይደሉም። አካሄዱ ግን የሜታቦሊዝም ጂን ተመራማሪዎች ሊወርሱት የሚገባ ነው።

በምርምር ተሳትፌ "ነጥብዎ ከፍተኛ ስጋት ነው" ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ይረጋጉ። ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ቡድን ነው። በ"ከፍተኛ ስጋት" ቡድን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖሩ አሉ፤ በ"ዝቅተኛ" ውስጥም ቶሎ የሞቱ አሉ።

የታዘዘልዎትን ሕክምና በዚህ ምክንያት አያቁሙ፤ ሌላም አይጨምሩበት። ወረቀቱን ይዘው ወደ ካንሰር ሐኪምዎ ይሂዱ። እነዚህን ይጠይቁ፦ ደረጃዬ ስንት ነው? ስንት ንፍፊት ተመረመረ፣ ስንቱስ ላይ ካንሰር ተገኘ? የኸር-2፣ የዲ.ኤን.ኤ ማረሚያና የፒ.ዲ-ኤል-1 ምርመራ ተሠርቶልኛል? ኬሞቴራፒ ከመጀመሬ በፊት የዲ.ፒ.ዋይ.ዲ ምርመራ ማግኘት እችላለሁ? መልሶቹን በጽሑፍ ይያዙ። አብሮዎት የሚገባ የቤተሰብ ሰው ካለ እሱ ይጻፍልዎት፤ እርስዎ ያዳምጡ።